የሩብ ሰዓት ራት ረጅም ታሪክ

ማክሰኞ ማታ ነው። ከታክሲ ሰልፍ ተላቀን ቤት ስንገባ አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል። ቦርሳችንን አልጋው ላይ ወርውረን በቀጥታ ወደ ምድጃው! ውሃ ጣድን፣ ሲፈላ ፓስታውን ጨመርን፣ እሱ እስኪበስል የለውዝ ቅቤ በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚና በሶያ ሶስ በጠበጥን። ይኼን ጊዜ ስልክ ጮኸ። ቤቱን የተከራየነው ሦስት ሆነን ነው፤ የደወሉት የአንዳችን እናት ናቸው። በተግባር ግን የሦስታችንም እናት ስለሆኑ ድምፁን ከፍ አድርገን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው።

"እናንተ ልጆች፣ ራት በላችሁ?"

"እየሠራን ነው እማዬ።"

"ምን?"

"ፓስታ በለውዝ።"

ትንሽ ዝም አሉ። "በለውዝ? ለውዝማ ከቆሎ ጋር ነው የሚያምርበት። ይኼ ራት ነው ወይስ ሆድ ማታለያ? ምናለ አንዲት ሽሮ እንኳ ብትሠሩ! የላክሁላችሁ ሽሮ እኮ ነቀዘ!"

ሳቅን፤ ይቅርታ ጠየቅን፤ ስልኩ ተዘጋ። ፓስታውን ግን እንደ ወትሮው በደስታ አልበላነውም። "ሆድ ማታለያ" የምትለዋ ቃል ከነከነችን። በእናታችን ዓይን ራት ማለት ለቀናት የተቦካ ሊጥ፣ ሲቁላላ ያመሸ ሽንኩርት፣ የተለፋበት ነገር ነው። በሩብ ሰዓት የደረሰ ምግብ የሰነፍ ምግብ ነው። እውነት ግን እንደዚያ ነው?

የጋዜጠኝነት ትምህርት አንድ ነገር ካስተማረን፣ ነገር ሲከነክነን መጽሐፍ ማገላበጥ ነው። አገላበጥን። ሳህናችን ላይ ያለችው ነገር ይዛን የሄደችበት አገር ብዛት! ዛሬ ያገኘነውን እናካፍላችኋለን። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ስንቆጥር "ዓ.ም." እንላለን።)

የተደፋው ሳህን

ከኑድሉ እንጀምር። በ2005 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ የሚያስገርም ዜና ወጣ። በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ በቺንግሃይ ግዛት፣ ላጂያ በሚባል ጥንታዊ መንደር ሲቆፍሩ የነበሩ ተመራማሪዎች አፉ ወደ ታች የተደፋ የሸክላ ሳህን አገኙ። ሲያነሡት ከሥሩ ግማሽ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ቀጫጭን ቢጫ ክሮች ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። 4 ሺህ ዓመት ገደማ የቆየ ኑድል! ተመራማሪዎቹ የተሠራው ከስንዴ ሳይሆን ዳጉሳን ከሚመስሉ ደቃቅ እህሎች ነው ብለው ጻፉ። "ከእንዲህ ያለ ሊጥ ይህን ያህል ረጅም ክር አይወጣም" ያሉ ሌሎች ተመራማሪዎችም ተነሡ፤ ክርክሩ ቀጠለ። እኛን የነካን ግን ሌላ ነው። መንደሩን ያጠፋው የመሬት መንቀጥቀጥና ጎርፍ ነው ይባላል። አንድ ሰው ራቱን ሳይጨርስ ሄዷል ማለት ነው።

"ታዲያ ማርኮ ፖሎ ከቻይና ወደ ጣሊያን ወሰደው አይደል?" የምትሉ አትጠፉም። እኛም እንደዚያ ነበር የምናውቀው። ግን ተረት ነው፤ ተረቱን በሰፊው ካሠራጩት አንዱ በ1929 አሜሪካ ውስጥ ይታተም የነበረ የፓስታ አምራቾች መጽሔት ነው። ማርኮ ፖሎ ወደ ቬኒስ የተመለሰው በ1295 ነው። ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በ1154፣ አል ኢድሪሲ የተባለው የዐረብ የጂኦግራፊ ሊቅ ሲሲሊ ውስጥ ትራቢያ በምትባል ቦታ "ኢትሪያ" የሚባል የዱቄት ክር በብዛት እየተሠራ በመርከብ ወደ ሙስሊሙም ወደ ክርስቲያኑም አገር እንደሚላክ ጽፏል።

መርከብ ላይ እንዴት ተጫነ? ደረቅ ስለሆነ ነዋ! የደረቅ ፓስታ ምሥጢሩ ይኼ ነው። ማቡካቱ፣ መዳመጡ፣ ማድረቁ አስቀድሞ በሌላ ሰው እጅ አልቋል። ለበላተኛው የቀረው ውሃ ማፍላት ብቻ ነው። ይኼን ነጥብ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ፓስታ በኋላ ኔፕልስ ውስጥ የድሀ ምግብ ሆነ። ማሽን እየበዛ ዋጋው ሲቀንስ የመንገድ ሻጮች ትልቅ ድስት ጥደው ለቀን ሠራተኛው ይሸጡለት ነበር። ሹካ የለም፤ ሰሃን የለም። ሰውየው ክሩን በእጁ አንሥቶ፣ ቀና ብሎ ወደ አፉ ይለቀዋል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፎቶግራፎች ይህንን አስቀርተውልናል።

ወደ እኛ አገር ፓስታ ሥር የሰደደው በጣሊያኖች በኩል ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራ የቆየው ጦር ተሸንፎ ሲወጣ ፓስታው፣ ስጎውና ፉርኖው ቀሩ። እኛም አልተሸነፍንም፤ ፓስታውን በእንጀራ ጠቅልለን በእጃችን እንበላው ጀመር። ረቡዕና ዓርብ "ፓስታ በአትክልት" ብለን የጾም ምግብ አደረግነው። ኔፕልስ በእጅ የጀመረውን እኛ በእጅ ጨረስነው።

ከወርቅ የተሠራ ኦቾሎኒ

አሁን ወደ ለውዙ። (ኦቾሎኒም በሉት ለውዝ፣ በዚህ ጽሑፍ አንድ ነው።) በ1987 የፔሩ አርኪዮሎጂስት ዋልተር አልቫ ሲፓን በሚባል ቦታ የአንድ የሞቼ ሹም መቃብር ቆፍሮ አወጣ። ሹሙ ከሞተ ከ1,700 ዓመት ያላነሰ ጊዜ አልፏል። አንገቱ ላይ ምን ተገኘ? የኦቾሎኒ ቅርፊት ቅርጽ ያላቸው ትላልቅ ዶቃዎች ያሉት ሐብል፤ በአንድ ወገን 10 የወርቅ፣ በሌላው ወገን 10 የብር። እኛ በጋዜጣ ጥቅልል ገዝተን ታክሲ ውስጥ የምንበላትን ነገር ሰውየው ለዘለዓለም ጉዞው አንገቱ ላይ አሥሯታል።

ኦቾሎኒ የደቡብ አሜሪካ ልጅ ናት። በስሟ "ለውዝ" ትባል እንጂ ዘሯ ከባቄላና ከሽምብራ ወገን ነው፤ ጥራጥሬ ናት። አበባዋ ከመሬት በላይ ያብባል፤ ከዚያ ዘንጓ ጎንበስ ብሎ አፈር ውስጥ ይገባና ፍሬዋን እዚያ ታፈራለች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቹጋሎች ከብራዚል ወደ አፍሪካ አሻገሯት። ምዕራብ አፍሪካውያን ከጥንት ጀምሮ መሬት ውስጥ የሚያፈራ የራሳቸው ጥራጥሬ ስለነበራቸው እንግዳዋን ለመቀበል ብዙ አላቅማሙም። ዛሬ የሴኔጋልና የማሊ ሰው ማፌ የሚባለውን ወጥ የሚሠራው በተፈጨ ኦቾሎኒ ነው። (እማዬ ይስሙ፣ ለውዝ ወጥ ውስጥ ገብታለች!)

ከዚያ ታሪኩ ይጨልማል። ኦቾሎኒ በባርያ መርከቦች ተጭና እንደገና አትላንቲክን አቋረጠች። ደቡብ አሜሪካን ትታ የሄደች ዘር በሰሜን አሜሪካ በባርነት በተጋዙ አፍሪካውያን እጅ ተተከለች። ለዚህ ምስክር የሚሆን ቃል አለ። የአሜሪካ ደቡብ ሰዎች ኦቾሎኒን "ጉበር" ይሏታል፤ ቃሉ የመጣው ከኮንጎና ከአንጎላ አካባቢ ቋንቋዎች "ንጉባ" ከሚለው ነው። ሰዎቹን ስማቸውን ነጠቋቸው፤ የኦቾሎኒዋን ስም ግን መንጠቅ አልቻሉም።

በእኛ አገር ኦቾሎኒ ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ምሥራቅ ሐረርጌ ነው፤ ባቢሌ፣ ጉርሱም፣ ፈዲስ። ዝናብ በሚያጥርበት አሸዋማ መሬት ላይ ለገበሬው ጥሬ ገንዘብ የምታስገባ ሰብል ናት። መንቀሉ፣ ማድረቁ፣ መፈልፈሉ የቤተሰብ ሁሉ ሥራ ነው።

ጉንዳን ሳይሆን ነቀዝ የተመሰገነበት ከተማ

ኦቾሎኒን መፍጨት አዲስ ነገር አይደለም፤ የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝቦች ከጥንት ይፈጯት ነበር። የፋብሪካው ዘመን የለውዝ ቅቤ ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነገር ነው። በ1884 ማርሴለስ ኤድሰን የተባለ የሞንትሪያል ሰው ለተፈጨ ኦቾሎኒ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1895 ደግሞ ጆን ሃርቪ ኬሎግ (አዎ፣ የቁርስ እህሉ ኬሎግ) ለራሱ ዘዴ ማመልከቻ አስገባ። ኬሎግ በሚሺጋን የባትል ክሪክ የሕክምናና የዕረፍት ማዕከል ሐኪም ነበር፤ ሥጋ አይበላም፤ ለታካሚዎቹም ሥጋ የሚተካ ምግብ ሲፈልግ ነው ኦቾሎኒ ላይ የደረሰው። ልብ በሉ፤ የለውዝ ቅቤ መጀመሪያ ለበሽተኛ የታሰበ የጤና ምግብ ነበር።

ከኬሎግ ይልቅ የወደድነው ግን ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርን ነው። በባርነት ተወልዶ፣ የእርሻ ሳይንቲስት ሆኖ፣ አላባማ ውስጥ በተስኪጊ ያስተማረ ጥቁር አሜሪካዊ። ብዙ ሰው የለውዝ ቅቤን የፈለሰፈው እሱ ይመስለዋል፤ አይደለም። የሠራው ከዚያ የሚበልጥ ነው። ከባርነት የወጡት ጥቁር ገበሬዎች ጥጥ በጥጥ ላይ እየዘሩ መሬቱ ተራቁቶ ነበር። ካርቨር ኦቾሎኒ ጥራጥሬ በመሆኗ ናይትሮጅን ለአፈሩ እንደምትመልስ፣ ለሰውየው ደግሞ ሥጋ መግዣ ሲያጣ ፕሮቲን እንደምትሆን ሳይታክት አስተማረ። በ1916 ያሳተማት ትንሽ መጽሐፍ ኦቾሎኒ እንዴት እንደሚመረትና ለሰው ምግብነት የሚዘጋጅባቸውን 105 መንገዶች ታሳያለች። ሳይንቲስቱ የምግብ አሠራር ጻፈ! ያውም የቤት እመቤቷ በእጇ ባለው ዕቃ ልትሠራው በምትችለው መንገድ።

በዚያው ዘመን የጥጥ ነቀዝ ከሜክሲኮ ተነሥቶ የአሜሪካን ደቡብ ጥጥ ጠራርጎ በላው። በአላባማ ኢንተርፕራይዝ የምትባል ከተማ ገበሬዎቿ ጥጡን ትተው ኦቾሎኒ ዘሩና ከኪሳራ ወጡ። በ1919 ከተማው መሀል ሐውልት አቆሙ፤ ለማን? ለነቀዙ! "አንተ ባትመጣ ኖሮ ከጥጥ አንላቀቅም ነበር" ማለታቸው ነው። (ከተማዋ ያለችበት አውራጃ ስሙ "ኮፊ" መሆኑን ስናነብ ሦስታችንም ፈገግ አልን።)

በ1920ዎቹ ዘይቱ ከላይ እንዳይንሳፈፍ የሚያደርግ ዘዴ ተገኘ፤ የለውዝ ቅቤ ማሰሮ መደርደሪያ ላይ ለወራት መቆየት ቻለ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ዳቦ በለውዝ ቅቤ የብዙ ድሀ ቤተሰብ ምሳ ሆነ።

በትከሻ ላይ ያለ ምግብ ቤት

ኑድሉና ለውዙ የት ተገናኙ? ኦቾሎኒ ቻይና የገባችው በባሕር ንግድ በኩል ነው። በሲቹዋን ግዛት በቼንግዱ "ዳንዳን" የሚባል ታዋቂ ኑድል አለ። "ዳን" ማለት ሻጩ በትከሻው የሚሸከመው ዘንግ ነው። በዘንጉ አንድ ጫፍ ምድጃና ድስት፣ በሌላው ጫፍ ኑድል፣ ሳህንና ድልህ ተንጠልጥሏል። ሻጩ እየዞረ ይጮኻል፤ የራበው ያስቆመዋል። ድልሁ ቤት ተዘጋጅቶ መጥቷል፤ በርበሬ ያለበት ዘይት፣ ቅመም፣ አንዳንዴም የሰሊጥ ልቁጥ፤ ላዩ ላይ የተወቀጠ ኦቾሎኒ ይነሰነሳል። የሚቀረው ኑድሉን ለጥቂት ደቂቃ መቀቀል ብቻ ነው። የእኛ የማክሰኞ ራት አሠራር ማለት እኮ ይኼው ነው! ልዩነቱ እኛ በትከሻችን የተሸከምነው ላፕቶፕ መሆኑ ነው።

በ1965 አሜሪካ በትውልድ አገር የሚመድበውን የስደተኛ ኮታ ያስቀረ ሕግ አወጣች። ከዚያ በኋላ በታይዋንና በሆንግ ኮንግ በኩል የመጡ የቻይና ምግብ ባለሙያዎች ኒው ዮርክን ሞሏት። በ1970ዎቹ የከተማዋ ሰው ቀዝቃዛ የሰሊጥ ኑድል አበደበት፤ በቻይና ሰፈር ሁዋ ዩዋን የሚባለው ምግብ ቤት በዚህ ስሙ ገነነ። ቤቱ ሊሠራው የፈለገ ሰው ግን የቻይናን የሰሊጥ ልቁጥ ከየት ያምጣ? በየቁም ሳጥኑ የለውዝ ቅቤ አለ። እሱን አደረገበት። ዛሬ "የለውዝ ኑድል" እየተባለ በየምግብ መጽሐፉ የምናየው በአብዛኛው እንዲህ የተወለደ ነው፤ ያጣ ሰው ባለው ነገር የሠራው። የሁመራና የመተማ ሰሊጥ ለዘመናት ወደ ውጭ የሚላክበት አገር ልጆች ሆነን እኛም በለውዝ መሥራታችን አያስቅም?

ስለ ፍጥነት ካወራን አንድ ሰው መዝለል አይቻልም። ሞሞፉኩ አንዶ። በታይዋን የተወለደ፣ ጃፓን የኖረ ነጋዴ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኦሳካ ፍርስራሽ መሀል ሰዎች በብርድ ተሰልፈው አንድ ሳህን የኑድል ሾርባ ሲጠብቁ አየ፤ ያ ሰልፍ ከአእምሮው አልወጣም። በ1957 ሲመራው የነበረው የብድር ተቋም ከስሮ ንብረቱን አጣ። ወደ 50 የሚጠጋ ሰው፣ ከቤቱ ጀርባ በሠራት ጎጆ ውስጥ ገብቶ ለአንድ ዓመት ያህል ኑድል ይቀቅላል፣ ያደርቃል፣ ይጥላል። መላው የተገለጠለት ሚስቱ ቴምፑራ ስትጠብስ አይቶ ነው ይባላል፤ ኑድሉ በትኩስ ዘይት ሲጠበስ ውሃው ወጥቶ ቀዳዳ ይተዋል፣ በኋላ የፈላ ውሃ በዚያ ቀዳዳ ይገባል። ነሐሴ 25 ቀን 1958 ገበያ ላይ ዋለ። ዋጋው 35 የን፤ ከተራው ትኩስ ኑድል ብዙ እጥፍ የሚበልጥ። ፈጣን ኑድል በመጀመሪያ ቅንጦት ነበር! ዛሬ የተማሪ ዶርም ምልክት የሆነው ኋላ ነው።

ለእናት የተመለሰ ጊዜ

እስካሁን ያነበባችሁት ቢያዝናናችሁ ደስ ይለናል። እኛን ግን ቁጭ ያደረገን የሚቀጥለው ነው።

በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ድሮ የሚታከመው በተለየ ወተት ነበር። ወተቱ በንጹሕ ውሃ መበጥበጥ አለበት፤ ከተበጠበጠ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ሕፃኑ ማዕከል ውስጥ ተኝቶ መታከም አለበት። እናትየውስ? አብራው ለሳምንታት ትቀመጣለች። ቤት የቀሩት ልጆች፣ ማሳው፣ ውሃ መቅዳቱ ይጠብቋታል። ብዙዎቹ ጨርሶ ሳይመጡ ይቀራሉ፤ ወይም አቋርጠው ይሄዳሉ። ሊፈርዱባቸው የሚችሉ አሉ፤ እኛ አንችልም።

በ1996 ፈረንሳዊው የሕፃናት ሐኪም አንድሬ ብሪያንድና የኑትሪሴት ባለቤት ሚሼል ሌስካን መፍትሔ አገኙ። የለውዝ ቅቤ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን አንድ ላይ። ስሙ ፕላምፒ ነት። አንዷ እሽግ 92 ግራም ናት፤ 500 ኪሎ ካሎሪ ትሰጣለች። ውሃ አትፈልግም፣ እሳት አትፈልግም፣ ማቀዝቀዣ አትፈልግም። ቀዶ መስጠት ብቻ ነው።

እነዚህን ሕፃናት ቤታቸው ሆነው የማከሙ ሐሳብ በተግባር ከተፈተነባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ የእኛው ሐድያ ነው። ከመስከረም 2000 እስከ ጥር 2001 ባለው ጊዜ እዚያ በተመላላሽ ከታከሙት 170 ሕፃናት 85 በመቶው አገገሙ፤ ውጤቱ በ2002 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። በ2007 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍን ጨምሮ የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት አሠራሩን በይፋ ደገፉት። እሽጉ ኋላ አዲስ አበባ ውስጥም መመረት ጀመረ።

የዚህን ምግብ ፈጣንነት "ስንፍና" የሚለው ማን ነው? እናትየው ያገኘችው መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ ጊዜዋን ነው። ማታ ቤቷ ገብታ ሌሎቹን ልጆቿን ማየት ቻለች።

ታዲያ ጤናማ ነው ወይ?

በልኩ ከሆነ፣ አዎ። 100 ግራም ኦቾሎኒ ውስጥ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን፣ ከ45 ግራም የሚበልጥ ስብ አለ፤ ስቡ በአብዛኛው ልብን ከማይጎዳው ዓይነት ነው፤ ቢሆንም ማንኪያውን አታብዙ። ሶያ ሶስ ጨዋማ ስለሆነ ሌላ ጨው አትጨምሩ። እንግዳ ከጠራችሁ "ለውዝ ይስማማሃል? ይስማማሻል?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ለውዝ የማይስማማው ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ሌላ ከባድ ነገር አለ። በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100 ሺህ የሚበልጡ የቱርክ ዶሮ ጫጩቶች ድንገት አለቁ። ሲመረመር ጥፋቱ ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ መኖ ላይ የበቀለ ሻጋታ ሆነ። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ የታወቀው በዚህ ምክንያት ነው። ጉበትን ይጎዳል፣ ካንሰር ያስከትላል፤ መቁላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። መፍትሔው ከማሳው ይጀምራል፤ ቶሎና በደንብ ማድረቅ፣ እርጥበት በሌለበት ማስቀመጥ፣ ከዚያ መልቀም። እናንተም ቆሎ ስትለቅሙ የሻገተች፣ የተጨማደደች፣ የጠቆረች ፍሬ ካያችሁ "ምን ታመጣለች" አትበሉ፤ ጣሏት። ስትፈጩ ደግሞ ከቅርፊቱ የወጣውን እንደ ዓይናችሁ ብሌን እዩት፤ ከተፈጨ በኋላ ማን ያውቃታል?

አሠራሩ፣ ለሁለት ሰው

200 ግራም ፓስታ ወይም ኑድል ቀቅሉ። ከመጥለላችሁ በፊት አንድ ሲኒ የፓስታ ውሃ ቀንሳችሁ አስቀምጡ። ፓስታው እስኪበስል ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር የሌለው የለውዝ ቅቤ፣ አንድ ተኩል ሶያ ሶስ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ፍንካች የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር (ለጾመኛ ስኳር) እና ለቅመሻ ሚጥሚጣ አንድ ላይ በጥብጡ። በፓስታ ውሃው እያቀጠናችሁ እንደ እርጎ አድርጉት። ካሮትና ጥቅል ጎመን በቀጭኑ ክተፉ፤ ፓስታው ሊወጣ አንድ ደቂቃ ሲቀረው እዚያው ድስት ውስጥ ጨምሯቸው። አጥልሉ፣ ከድልሁ ጋር ለውሱ፣ ባሮ ሽንኩርትና ቃሪያ ከላይ። በቃ! ኑድሉ እንቁላል ከሌለበት ረቡዕና ዓርብም ይሆናል።

ወደ እማዬ እንመለስ

ይኼን ሁሉ አንብበን ስናበቃ መጀመሪያ "ተሟግተን አሸነፍን" አልን። ኋላ ግን ቁም ሳጥኑን ስንከፍት የላኩልን ሽሮ ፊት ለፊታችን ተቀምጧል።

ሽሮ ምንድን ነው? ውሃ አፍልቶ፣ በትኖ፣ ማማሰል፤ ሩብ ሰዓት! ሽሮ ራሱ ፈጣን ምግብ ነው። ጥራጥሬ ከእህል ጋር የሚበላበት፣ የጾም፣ ርካሽ። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ልዩነቱ የሽሮውን ጊዜ የከፈለው ማን እንደሆነ ማወቃችን ነው። አተሩን የለቀመችው፣ የቆላችው፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣችው፣ ወፍጮ ቤት የተሰለፈችው፣ በቅመም ያሸተተችው እሷ ናት። የፓስታውን ጊዜ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የለውዙን የባቢሌ ገበሬና ቤተሰቡ ከፍለዋል፤ አናውቃቸውም እንጂ። ፈጣን ምግብ ጊዜ የማይፈጅ ምግብ አይደለም፤ ሌላ ሰው ቀድሞ የከፈለልን ጊዜ ነው። የሰነፍ የሚያደርገው ያንን መርሳት ነው።

ረቡዕ ማታ እኛው ደወልን።

"እማዬ፣ ሽሮውን ስንት ቀን ፈጀብሽ?"

"ምን ሆናችኋል እናንተ? ስንት ቀን እንጃ... ከለቀማው ጀምሮ ሳምንት ሳይሆነኝ አይቀርም። ምነው፣ ነቀዘ?"

"አልነቀዘም። ዛሬ ሠራነው።"

"እሰይ!" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያቺ የለውዟ ነገር ግን... ለጾም ትሆናለች ነው ያላችሁኝ?"

ቸር እንሰንብት!